ላሜራ ቆራጩ ሌዘር በቺፕ ማተሚያ ውስጥ

እጅግ ዘመናዊ የሆኑት የስልክና የኮምፒውተር ቺፖች የሚታተሙበት ብርሃን የሚገኘው ለዓመታት ላሜራ ሲቆርጥ በኖረ የሌዘር ዓይነት ነው። የሌዘሩ አምራች ትሩምፍ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ሽቱትጋርት ውስጥ ሲቋቋም ያመርት የነበረው ለጥርስ ሐኪሞችና ለኅትመት ሥራ የሚያገለግል ተጣጣፊ ማዞሪያ ዘንግ ነበር።

ኩባንያው ስም ያተረፈው ግን በላሜራ መብሻና መቁረጫ ማሽኖች ነው። እነዚህ ማሽኖች እንደ ቀዳዳው ቅርጽ የሚለዋወጡ፣ ከጠንካራ ብረት የተሠሩ መብሻዎች ያስፈልጓቸዋል። ሌዘር ግን መብሻ አይፈልግም፤ ቅርጹን ለመለወጥ የኮምፒውተሩን ትእዛዝ መለወጥ ይበቃል። ስለዚህም አዲሱ ቴክኖሎጂ የኩባንያውን የእንጀራ ገመድ ሊበጥስ የሚችል ሆኖ መጣ። በርትሆልድ ላይቢንገር የሚመሩት ኩባንያ ከመሸሽ ይልቅ ተፎካካሪውን ወደ ቤቱ አስገባ። በ1979 መብሻንና ሌዘርን ያጣመረ ማሽን አቀረበ፤ ሌዘሩ ግን የአሜሪካ ሥሪት ነበር። በ1985 የጨረር ኃይሉ ከ1 ኪሎዋት የሚበልጥ የራሱን ሌዘር ይዞ ብቅ አለ። ከሁለቱ እርምጃዎች የሚከብደው ሁለተኛው ነው፤ የማሽኑን ልብ ከሌላ የሚገዛ አምራች ዕጣው በሻጩ እጅ ነውና።

1 ኪሎዋት የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚወስደው ኃይል ያነሰ ነው። ታዲያ ብረትን እንዴት ያቀልጣል? የምጣዱ ሙቀት በሰፊ ገጽ ላይ ይበተናል፤ የሌዘሩ ጨረር ግን ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። ጨረሩ የሚፈጠረው በመስተዋቶች መካከል ያለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተቀላቀለበት ጋዝ በኤሌክትሪክ ኃይል ሲነቃቃ ነው። ለዓይን አይታይም። የቀለጠውን ብረት በኃይል የሚነፍስ ሌላ ጋዝ ጠርጎ ያወጣዋል።

ዛሬ በላሜራ ቆረጣ ይህን የጋዝ ሌዘር በአብዛኛው ኤሌክትሪክ የሚቆጥበው ፋይበር ሌዘር ተክቶታል። ሆኖም አሮጌው ሌዘር ጡረታ አልወጣም፤ ኤ.ኤስ.ኤም.ኤል. የተባለው የኔዘርላንድስ ኩባንያ በሚሠራቸው የቺፕ ማተሚያዎች ውስጥ ከፊተኛው የረቀቀ ሥራ አግኝቷል። በዚያ ቲን የተባለው ብረት ቀልጦ፣ ከፀጉር ውፍረት ባነሱ ጠብታዎች፣ በሰከንድ 50,000 ጊዜ ያህል ይንጠባጠባል። እያንዳንዱን ጠብታ ሌዘሩ በጉዞ ላይ እንዳለ ሁለት ጊዜ ይመታዋል። የመጀመሪያው ምት ያጠፈጥፈዋል፤ ብርቱው ሁለተኛ ምት ሙቀቱ ከ200,000 ዲግሪ ወደሚያልፍ ፕላዝማ ይለውጠዋል። ከፕላዝማውም የሞገድ ርዝመቱ 13.5 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን ይወጣል።

ይህን ብርሃን አየርም ሆነ መስታወት ይውጠዋል። በመሆኑም ማተሚያው አየር በወጣለት ክፍል ውስጥ ይሠራል፤ በሌንስ ፋንታም ዛይስ የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሚሠራቸውን መስተዋቶች ይጠቀማል። እነሱም ቢሆኑ እያንዳንዳቸው ከደረሳቸው ብርሃን ከመቶ ሠላሳ እጅ ያህሉን ያስቀራሉ። በዚህ ስሌት ከአሥር መስተዋቶች በኋላ የሚተርፈው ከመቶ ሦስት እጅ ገደማ ብቻ ነው። የሌዘሩ ጨረር በተከታታይ ማጉያዎች አልፎ ወደ አሥር ሺዎች ዋት ከፍ እንዲል የሚደረገውም ለዚህ ነው።