ፓይተን ሲታደስ የድሮው ፕሮግራም ለምን ቆመ?

ጥያቄ፦ በፍኖተ ሰላም ኮምፒውተር የሚያስተምሩ አንባቢ፣ በፓይተን 2 የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ የተማሪዎች ውጤት ማስሊያ ፕሮግራም በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ አልሠራ ብሏቸዋል። ቋንቋ ሲሻሻል የቀድሞውን ሥራ ለምን ይጥላል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አይጥልም፤ የቋንቋ አዘጋጆች ነባር ኮድ እንዳይሰበር አጥብቀው ይጠነቀቃሉ። ፓይተን 3 ግን በ2008 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ከቀድሞው ኮድ የተላቀቀው ታስቦበት ነው። ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ፊደል ነበር፤ የእኛም ጉዳይ ነው። በዩቲኤፍ-8 የፊደል ኮድ የተጻፈውን «ሰላም» ፓይተን 2 ባይት እየቆጠረ ርዝመቱ 9 ነው ይላል። ፓይተን 3 ፊደሉን ቆጥሮ 3 ይላል። «ውጤት» የሚል የተለዋዋጭ ስም በግዕዝ ፊደል መጻፍም የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። ለአማርኛ ተጠቃሚ ለውጡ ድካሙን የሚክስ ነው።

የ«ፕሪንት» ትእዛዝ አሁን ቅንፍ ይፈልጋል፤ ቅንፉ ከሌለ ፕሮግራሙ ወዲያው ይቆማል፣ ስሕተቱም ይታያል። የሚያሰጋው ማካፈል ነው። 7 ለ 2 ሲካፈል በፓይተን 2 መልሱ 3 ነበር፤ በፓይተን 3 ግን 3.5 ነው። ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይመጣ የተማሪው አማካይ ውጤት ይለወጣል።

የፓይተን 2 ድጋፍ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተቋርጧል። ስለዚህ መምህሩ ኮዱን ወደ ፓይተን 3 ያሻግሩት፤ አስቀድመው ግን ቅጂ ያስቀምጡ፣ የጥቂት ተማሪዎችን ውጤትም በእጅ አስልተው ያመሳክሩ።