ስሙን የለወጠ ዘማሪ

በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር የሚሰጥባት የታወቀች ደብር ናት። ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ተማሪ በዚያ ቁራሽ እየለመነ፥ ሌሊት እየተነሣ ብዙ ዘመን ዜማ ያጠናል። በድካም የተማረውም ዜማ ከሰውነቱ ጋራ ይዋሐዳል። ወደ ሌላ አገር ቢሄድ፥ ሌላም ሥራ ቢይዝ፥ አፉን በከፈተ ጊዜ የተማረበት ቤት ይታወቃል።

እንዲህ ያለ ነገር በሩቅ አገር በአሜሪካ በአንድ ዘማሪ ላይ ታየ። ስሙ ሳም ኩክ ይባላል። በ1923 ዓመተ ምሕረት በሚሲሲፒ፥ ከጥቁር ሕዝብ ወገን ከሆነ ሰባኪ ተወለደ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋራ ይዘምር ነበረ። ዕድሜው ወደ ሃያ ዓመት ሲደርስ ሶል ስተረርስ በተባለው ስመ ጥር የመዘምራን ማኅበር ገባ፤ ምእመናኑም ድምፁን እጅግ ወደዱት።

ዳሩ ግን ልቡ ዓለማዊ ዘፈን ተመኘ። በዚያ ዘመን መዝሙርን ትቶ ወደ ዘፈን የሚሄድ ሰው በብዙ ምእመናን ዘንድ እንደ ከዳተኛ ይቈጠር ነበረ። ስለዚህ ፈርቶ በ1949 ዓመተ ምሕረት የመጀመሪያውን የዘፈን ሸክላ ዴል ኩክ በሚል ስም አወጣ። ሸክላውን የሰሙ ሰዎች ግን ድምፁን ዐወቁት። ዓይኑ የፈዘዘው ይስሐቅ እንኳ፥ ያዕቆብ የፍየል ጠቦት ቆዳ ለብሶ በቀረበ ጊዜ ድምፁን ለይቶ ነበረ። ሳም ኩክም ከማኅበሩ ወጣ። በገዛ ስሙ የዘፈነው ዘፈን በ1950 ዓመተ ምሕረት በአሜሪካ አንደኛ ሆነ፤ ገንዘብና ዝናም አገኘ።

ዝና ግን ከመናቅ አላዳነውም። በ1956 ዓመተ ምሕረት በሉዊዚያና፥ ጥቁር በመሆኑ ከአንድ የእንግዳ ማረፊያ ማደሪያ ተከለከለ፤ በተከራከረም ጊዜ ታሰረ። በዚያው ዓመት ስለ ወገኖቹ መከራና ስለሚመጣው ለውጥ የተዘፈነ ሸክላ አወጣ። በቤተ ክርስቲያን የተማረው ዜማ በዚህ ዘፈን ውስጥ ተሰማ፤ ስለ መብታቸው የሚታገሉትም እንደ መዝሙር ያዙት። እርሱ ግን በታኅሣሥ 1957 ዓመተ ምሕረት በ33 ዓመቱ በጥይት ተመትቶ ሞተ።

ከእኛም አገር በተቃራኒው መንገድ የሄደ ሰው ነበረ። በጎጃም የተወለደው ሙሉቀን መለሰ ገና በልጅነቱ በአዲስ አበባ መዝፈን ጀምሮ ታላቅ ዝና አገኘ። ከዚያ በኋላ ዘፈኑን ትቶ መዝሙር ዘመረ፤ በ2016 ዓመተ ምሕረትም በአሜሪካ አረፈ። በዘፈን ጊዜ የታወቀበትን ስም በመዝሙር ጊዜ አልለወጠውም።

ልጆች ሆይ፥ ሰው መንገዱን ሲመርጥ በግልጥ ይምረጥ። ወዳጆቹን ቢያሳዝን እንኳ ፊት ለፊት ይንገራቸው እንጂ በሌላ ስም አይሸሸግባቸው። ስምን መለወጥ ቀላል ነው፤ ከልጅነት የተማሩት ነገር ግን በሄዱበት ሁሉ ይከተላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ጥያቄ።
፩ኛ፤ ሳም ኩክ ስሙን ስለ ምን ለወጠ?
፪ኛ፤ ሰዎች በምን ዐወቁት?
፫ኛ፤ በቤተ ክርስቲያን የተማረው ዜማ ኋላ ለወገኖቹ ምን ጠቀመ?