ከፍታ ዋጋ ያስከፍላል

«ከፍ ያለ መኪና አስተማማኝ ነው» ይባላል። አባባሉን በፊዚክስ ለመመዘን እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ የቀረበውን ፎርድ ኤክስፕሎረር እንመልከት። ይህ የቤተሰብ መኪና ሲጀመር እንደ ጭነት መኪና በሻንሲ ላይ የተጫነ አካልና የኋላ ባሌስትራ ነበረው።

መኪና ሲታጠፍ የስበት ማዕከሉ ከፍ ባለ መጠን ለመገልበጥ ይቀርባል። መለኪያው በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ለማዕከሉ ከፍታ እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ለምሳሌ ርቀቱ 1.5 ሜትር፣ ከፍታው 0.7 ሜትር ቢሆን ቁጥሩ 1.07 ይሆናል፤ ከፍታው ወደ 0.55 ሜትር ቢወርድ 1.36 ይደርሳል። በደረቅ አስፋልት ላይ የጎማ የሰበቃ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከ1 ስለሚያንስ መኪናው ከመገልበጡ በፊት ይንሸራተታል። በመንሸራተት ላይ ሳለ ጎማውን የመንገድ ጠርዝ ወይም ለስላሳ አፈር ቢይዘው ግን ሊገለበጥ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ሞዴል የጎማዎቹ ርቀት ሰፋ፤ የኋላ ጎማዎቹም እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ችለው ከፍና ዝቅ እንዲሉ ተደረገ። በ2011 ሞዴል ደግሞ አካሉና ሻንሲው ተዋሐዱ፤ አነዳዱም ወደ አውቶሞቢል ቀረበ። የፊዚክስ ሕግ ግን አልተለወጠም፤ ፖርቶመጋላ ላይ የሚጫን እያንዳንዱ ሻንጣ የስበት ማዕከሉን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ከባዱን ዕቃ ወለል ላይ መጫን፣ ፍጥነትንም መታጠፊያው ሳይደርስ መቀነስ ይገባል።