ፋኖስ በምን ይተነፍሳል?

ከምናለሽ ተራም ሆነ ከአያት ጓዳ አሮጌ ፋኖስ ስናገኝ አስቀድመን የምንመረምረው ግራና ቀኝ የቆሙትን ሁለት ቱቦዎች ነው። ብዙ ሰው መያዣ ይመስሉታል፤ ነገር ግን ፋኖሱ የሚተነፍሰው በእነርሱ ነው። አሜሪካዊው ጆን ኧርዊን በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘዴ ከነበልባሉ በላይ ያለው ሙቅ አየር በቱቦዎቹ ወርዶ ወደ ክሩ ይመለሳል። በኋላ የመጣው ዓይነት ግን የተቃጠለውን አየር ወደ ላይ ለቅቆ ንጹሑን ስለሚስብ ይበልጥ ይደምቃል። እንግዲህ ሸረሪት ቱቦውን በድሯ ከደፈነችው ክሩ ቢስተካከልም ብርጭቆው መጥቆሩ አይቀርም። ቀጥሎም ጥቂት ላምባ ጨምረን ፋኖሱን በደረቅ ወረቀት ላይ እናሳድረዋለን። ወረቀቱ ከራሰ ፋኖሱ ለጌጥ እንጂ ለመብራት አይሆንም። ላምባ ተወደደ ብሎ ቤንዚን መቀላቀልማ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ቤት ማቃጠል ነው። አዲስ ክር ያስገባንም እንደ ሆነ ላምባውን በደንብ እስኪጠጣ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳንለኩስ እንቆያለን።