በቤት ቅጥር መልካም መዓዛ ያላቸውን ቁጥቋጦዎች ስለ መትከልና ስለ ማብዛት

ለአውራጃና ለወረዳ ሹማምንት፥ ለባለመሬቶችም ኹሉ።

እህልና ቡና የሀገር ሀብት እንደ ኾኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ቤትን የሚያስጌጥና ንብን የሚጠራ የአበባ ቁጥቋጦ መትከል እንደ ትርፍ ሥራ ተቈጥሮ ሊናቅ አይገባም። አዲስ ቤት ወይም መንገድ ሲሠራ በቅጥሩ ውስጥ የቈየው ቁጥቋጦ ተነቅሎ ይጣላል፤ ከዱር ተነቅሎ የሚመጣውም ሥሩ ስለሚበጠስ ብዙ ጊዜ ሳይጸድቅ ይቀራል። ስለዚህ ነባሩን ሳያጠፉ ከአንዱ ብዙ ማግኘት እንዴት እንደሚቻል ቀጥለን እንገልጻለን።

ለደጋና ለወይና ደጋ ሦስቱን እንመክራለን። መጀመሪያው ቀጋ ነው። ይህ እሾኻም የዱር ጽጌ ረዳ ነጭ አበባው መዓዛው ያማረ ነው፤ ፍሬው ሲበስል ይበላል፤ ለአጥርም ይኾናል። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ጆን ሊንድሊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1820 ባሳተመው መጽሐፍ «የሐበሻ ጽጌ ረዳ» በሚል ስም ገልጾታል። ሁለተኛው ነጭ አበባ ያለው፥ ድጋፍ ሲያገኝ የሚሳበው ጠንበለል ነው። ሦስተኛው በትግራይ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር የሚተከለው ጽጌ ረዳ ሲኾን፥ ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር ከ1847 ጀምሮ በታተመው መጽሐፉ «ቅዱስ ጽጌ ረዳ» ብሎታል። ይህ ጽጌ ረዳ የተዳቀለ ስለ ኾነ ከፍሬው የሚበቅለው እናቱን አይመስልም፤ ወገኑ ሳይለወጥ የሚቈየው ሰው ቅርንጫፉን እየወሰደ ሲተክለው ብቻ ነው።

አተካከሉም እንደዚህ ነው።

1ኛ፤ በሰኔ ዝናሙ ሲጸና፥ በሽታ ከሌለበት ቁጥቋጦ የእርሳስ ውፍረት ያለውን፥ አበባ ያልያዘውን ቅርንጫፍ መምረጥ። ርዝመቱ 1 ስንዝር፥ አንጓው 3 ወይም 4 ይኹን። ግርጌውን ከአንጓ ሥር በስለታም ቢላዋ መቍረጥ፤ ከላይ 2 ቅጠል ብቻ ማስቀረት።

2ኛ፤ አፈርና አሸዋ እኩል በተደባለቀበት መደብ እስከ እኩሌታው መትከል። ራሱና ግርጌው እንዳይለዋወጥ መጠንቀቅ ነው፤ ተዘቅዝቆ የተተከለ አይጸድቅምና።

3ኛ፤ ጥላ ማድረግና መደቡን ማርጠብ፤ ውሃ ግን እንዳይቋጥር። አዲስ ቅጠል ማውጣቱ ሥር ለመስደዱ ምስክር አይደለም። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቈይቶ በቀስታ ሲስቡት አልነቀልም ካለ ሥር ይዟል።

4ኛ፤ ለጠንበለል ከዚህ የሚቀል መንገድ አለ። ረዥሙን ሐረግ ሳይቈርጡ ማጐንበስ፥ አንጓውን ጥቂት ፍቆ በአፈር መቅበርና ድንጋይ መጫን፥ ጫፉን ግን ከአፈር በላይ መተው ነው። እናቱ እየመገበችው ሥር ይሰዳል፤ ሥር ከያዘ በኋላ ከእናቱ ይለያል።

ችግኙን በሚመጣው ሰኔ ወርድና ጥልቀቱ 1 ክንድ በኾነ ጕድጓድ፥ አፈሩን ከበሰበሰ ፍግ ጋራ ደባልቆ ማዛወር ይገባል። ጠንበለል በደጃፍ ወይም በመስኮት አጠገብ፥ ቀጋ በአጥር ዳር ይተከል። በመጀመሪያው በጋ ውሃ እንዳይቋረጥበት፥ ፍየልም እንዳይደርስበት ያስፈልጋል። የደረቀውን ቅርንጫፍ አበባው ካለፈ በኋላ መግረዝ ነው።

እንግዲህ ሹማምንት አሮጌ ቅጥር ከመመንጠሩ አስቀድሞ ከያንዳንዱ ቁጥቋጦ ቢያንስ 10 ቅርንጫፍ ተወስዶ እንዲተከል ማዘዝ ይገባችኋል። ከሚጸድቀውም ለጎረቤትና ለትምህርት ቤት ማካፈል ነው፤ በአንድ ግቢ ብቻ ያለ ተክል በአንድ ቀን መጥረቢያ ይጠፋልና፥ በብዙ ደጅ የተተከለ ግን ይኖራል።