አንኮበር በቁጥር

ደብረ ብርሃን፣ የነሐሴ ብርድ። እትዬ ጋቢያቸውን ደርበው ከከሰሉ አጠገብ ተቀምጠዋል። ተወልደው ያደጉት አንኮበር ነው፤ ሠላሳ ዓመት በታይፒስትነት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ተማሪው ደብተሩን ታቅፎ ከዩኒቨርሲቲው መጥቷል።

ተማሪ፦ እትዬ፣ ለፈተና የኮምፒውተር ሳይንስ ቀዳሚዎችን እያጠናሁ ነው። ዝርዝሩን ሸመደድኩት፤ አንድም የእኛ አገር ሰው የለበትም።

እትዬ፦ እነማን አሉበት?

ተማሪ፦ አዳ ላቭሌስ፣ አለን ቱሪንግ፣ ግሬስ ሆፐር፣ ሌሎችም።

እትዬ፦ እነሱን ደህና አድርገህ ያዝ፤ ይገባቸዋል። አዳ በ1843 እ.ኤ.አ. ገና ላልተሠራ ማሽን የስሌቱን ቅደም ተከተል ስትጽፍ፣ አንኮበር ላይ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ። ቱሪንግ በ1936 ማሽን የሚያሰላውንና የማያሰላውን ለየ፤ ሆፐር በ1952 የሰውን ትእዛዝ ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚመልስ ፕሮግራም ሠራች። ግን እነዚህ ሁሉ ሲደክሙ ፊደላቸው ትንሽ ነበረች፤ ሃያ ስድስት። የእኛ ጣጣ እዚያ ላይ ነው። የእኛ ቀዳሚዎች ማሽኑን ለፊደላችን ያስገበሩት ናቸው። ማሽን ለፊደል ይሠራል እንጂ ፊደል ለማሽን አይቆረጥም።

ተማሪ፦ ፊደል የሚቆርጥ ማን ነበር?

እትዬ፦ ብዙ ሰው! ሠላሳ ሦስት ሆሄ በሰባት ብታባዛው 231 ነው፤ ዲቃላዎቹን ሳትቆጥር። የጽሕፈት መኪናው ግን ቁልፉ አምሳ አይሞላም፤ በሺፍት ቢታጠፍም መቶ አይደርስም። ኢንጂነር አያና ብሩ ከዚህ ጋር ነው የታገሉት። የእሳቸው ሥራ ባይኖር ታይፒስት የሚባል እንጀራ አልበላም ነበር። ታዲያ መኪናው ሁሉንም ስለማይችል ሆሄውን መትተን ጭራውንና ቀለበቱን ለብቻው እንለጥፍለት ነበር። ጠዋት ጠዋት እጄ በብርድ ደንዝዞ ጭራው ከእግሩ ርቆ ሲቀመጥ፣ ወረቀቱን ነቅዬ ከካርቦኑ ጋር እንደገና! አለቃ ደግሞ «ይህ ሉ ነው ወይስ ለ?» ይላል። ይህን ያዩ አንዳንድ የተማሩ ሰዎች መኪናውን እንደማሻሻል ፊደሉን እንቀንስ አሉ፤ ሞክሼዎቹ ይውጡ፣ ቅርጹ ይቀየር ተባለ። «ሠረቀ ብርሃን» ስትል ብርሃን ወጣ ነው። ንጉሡን ሠ አውጥተህ በእሳቱ ሰ ጻፈው፤ ብርሃን ሰረቀ ይሆናል። በደብረ ብርሃን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይጻፋል?

ተማሪ፦ ኮምፒውተር ሲመጣ ተፈታ ማለት ነው።

እትዬ፦ ባሰ እንጂ! አሜሪካኖች በ1963 እ.ኤ.አ. ለእያንዳንዱ ፊደላቸው ቁጥር የሚሰጥ አስኪ የሚባል ሠንጠረዥ አወጡ፤ ቦታው 128 ብቻ ነበር። ኋላ ወደ 256 ቢሰፋም ለእኛ የተከለለ አንድ ቦታ አልነበረም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ የነበሩት እነ ፍሥሐ አጥላው ግእዙን በኮምፒውተር ጻፉ፤ ሰንዳፋ የተወለዱት ዶክተር አበራ ሞላ፣ የእንስሳት ሐኪም ሆነው ሳለ፣ ፊደሉ ሳይቆራረጥ ሙሉውን እንዲጻፍ ተነሡ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ለግእዝ አጻጻፍ ዘዴያቸው የአሜሪካን ፓተንት እስከ ማግኘት ደረሱ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ደግሞ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አማርኛን በላቲን ቁልፍ የመጻፊያ ሥርዓት አበጁ፤ ትንሿ ቲ ለተ፣ ትልቋ ለጠ። ዛሬ አንተ ሰላም ለማለት የምትነካካው ቁልፍ ከዚያ የመጣ ነው።

አሁን የእኔን ስማ። እኛ ቢሮ ኮምፒውተር ሲገባ አንድ የአማርኛ ፊደል (ፎንት) ተጫነበት። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ጭራ መለጠፍ ቀረ፣ ካርቦን ቀረ። የሦስት ዓመት ቃለ ጉባኤ ጻፍኩበት፤ የመሬት ክርክር፣ የጡረታ ጥያቄ፣ የአንኮበር መንገድ አቤቱታ፣ ሁሉም በዲስኬት። ከዚያ ኮምፒውተሩ ተቀየረ፤ ባለሙያው ሌላ ፊደል ጭኖ ሄደ። አንድ ባለጉዳይ ሽማግሌ ከገጠር መጥቶ የውሳኔውን ቃል ፈለገ። ዲስኬቱን ከፈትኩ። አማርኛ የለም! ባለ ነጥብ ላቲን፣ ባለ ጭራ ላቲን፣ የጥያቄ ምልክት፣ የተገለበጠ የቃለ አጋኖ ምልክት። ሽማግሌው ከኋላዬ ቆሞ «ምን ይላል ልጄ?» ይለኛል። ምን ልበለው? ቃሉ ጠፍቶ ሳይሆን ቃሉ እዚያው ሆኖ አልነበብ አለ። ያን ክረምት ሙሉ፣ የታተመ ወረቀት ያለውን ሁሉ ፊቴ ደርድሬ እንደ አዲስ መታሁት። ሥራ አታውቅም ተባልኩ፣ ደመወዝ ተቀጣሁ! ሃያ ዓመት አለፈው፣ ዛሬም ሲነሣ ያቃጥለኛል።

ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ማሽኑ ሀን አውቆ አያውቅም። የሚያውቀው የላቲን ፊደል ነበር፤ እኛ የሀን ልብስ አለበስነው። አንዱ ሠሪ ሀን ለአንዱ ቁጥር አለበሰ፣ ሌላው ለሌላ ቁጥር። ልብሱ ሲቀየር ውስጡ ያለው ፈረንጅ ወጣ። እያንዳንዱ ብቻውን ለፍቷል፣ ሥራውንም አላቃልልም፤ ግን ተስማምተው አንድ ቁጥር ቢይዙ ኖሮ ያ ሽማግሌ ባዶ እጁን አይመለስም ነበር።

ተማሪ፦ ዩኒኮድ የመጣው ለዚህ ነው።

እትዬ፦ ለዚህ ነው! የዜሮክሱ ጆ ቤከር በ1988 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ጻፈ፤ የዓለም ፊደል ሁሉ በአንድ መዝገብ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ቁጥር። የእኛ ሰዎች ፊደላችን እንዲገባ ደክመው በ1999 እ.ኤ.አ. በሦስተኛው ዩኒኮድ ገባ። 384 ቦታ በተርታ ተከለለለት። እስክሪብቶህን አምጣ። ሀ 4608 ነው። ለስምንት አካፍለው።

ተማሪ፦ 576፤ ቀሪ የለውም።

እትዬ፦ ቀሪ ከሌለው ግእዝ ነው። አንድ ከቀረ ካዕብ፣ ሁለት ሣልስ፣ ሦስት ራብዕ፣ አራት ኃምስ፣ አምስት ሳድስ፣ ስድስት ሳብዕ። ሰባት የሚቀራት ቦታ ለዲቃላና ለሌሎች ቋንቋዎች ናት። የኔታ በጭራ እየጠቆሙ ያስቆጠሩን ቤት ይኸው ማሽኑ ውስጥ ሳይቆረጥ ተቀመጠ። አሁን አንኮበርን ጻፍ፤ 4768፣ 4757፣ 4782፣ 4704፣ 4653።

ተማሪ፦ (እያካፈለ) ባዶ፣ አምስት፣ ስድስት፣ ባዶ፣ አምስት። አ ግእዝ፣ ን ሳድስ፣ ኮ ሳብዕ... ልክ ነው! እትዬ፣ ያ ዲስኬት ታዲያ አለ?

እትዬ፦ ሣጥን ውስጥ አለ። አንዱ ዓመት ወረቀቱ ስላልተገኘ ሳይመታ ቀርቷል።

ተማሪ፦ በዚያው ፊደል ጽፈው ያተሙት ሌላ ወረቀት ካለዎት ይበቃኛል። የታተመውን ሀ በዲስኬቱ ላይ ካለው ምልክት ጋር አንድ በአንድ አስተያይቼ ሠንጠረዥ አወጣለሁ፤ ፕሮግራሙ ምልክቱን እያየ በ4608 ይተካዋል።

እትዬ፦ (ከወንበራቸው እየተነሡ) የሁለተኛው ዓመት ወረቀት ከነዲስኬቱ አለኝ። ያዝ፣ አንተ ምልክቱን ጥራ፣ እኔ ፊደሉን አነብልሃለሁ።