ቈጣሪ ሠርተን እንዴት እንደ ፈተንነው
(ለጀማሪዎች የቀረበ ትምህርት)

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወጣው ታክሲ የተሳፈረ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ረዳቱ ሰው ሲቈጥር ወረቀት አይዝም። አንድ ሰው በገባ ቁጥር በልቡ አንድ ይጨምራል፤ ሲሞላ «ሳበው!» ይላል። የቈጣሪ መሣሪያም ሥራ ይኸው ነው፤ ምት በደረሰው ቁጥር አንድ ይጨምራል፤ የደረሰበትንም ይይዛል። እኛ ሦስት ጓደኛሞች ኮተቤ ለመምህርነት ስንማር ይህን መሣሪያ ሠርተን ነበር። የተማርነውን፥ ይልቁንም የተሳሳትነውን፥ ለጀማሪ ጓደኞቻችን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

1. አሠራሩ

የመሣሪያው መሠረት ፍሊፕ ፍሎፕ የሚባለው ነው። እርሱም 0 ወይም 1 ብቻ ይይዛል፤ ምት ሲደርሰው 0 የነበረው 1፥ 1 የነበረው 0 ይሆናል። አራቱን በተከታታይ ስናያይዝ የመጀመሪያው መብራት 1ን፥ ሁለተኛው 2ን፥ ሦስተኛው 4ን፥ አራተኛው 8ን ያመለክታል። ለማንበብ የበሩትን መደመር ነው፤ 8፥ 4 እና 1 ከበሩ ቁጥሩ 13 ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በግዕዝ አኃዝ ፲፫ ስንጽፍ ፲ን እና ፫ን ጎን ለጎን አድርገን እንደምር የለምን? ልዩነቱ የግዕዙ አኃዝ ዜሮ የሌለው መሆኑ ነው፤ መሣሪያችን ግን ከ0 ተነሥቶ እስከ 15 ይቈጥርና እንደገና 0 ይሆናል።

2. አገጣጠሙ

4013 የተባለው አይሲ በውስጡ ሁለት ፍሊፕ ፍሎፕ ስላለው ሁለት አይሲ ይበቃል። መብራት ቢጠፋም ሥራው እንዳይቋረጥ የ9 ቮልት ባትሪ መረጥን። የያንዳንዱ ፍሊፕ ፍሎፕ ተቃራኒ ውጤት፥ ኪው ባር የሚባለው፥ ወደ ራሱ ዲ መግቢያ ይመለስ፤ ይኸው ውጤት ደግሞ ለሚቀጥለው የምት መግቢያ ይሰጥ። በኪው ባር ፈንታ ኪው ከተሰጠ ቁጥሩ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከ0 ቀጥሎ 15፥ ከዚያም 14 ይላል። ኤልኢዲዎቹ በ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ከኪው ጋራ ይያያዙ። ሴት እና ሪሴት የተባሉት መግቢያዎች ከባትሪው ነጌቲቭ ጋራ ይታሰሩ፤ ተንጠልጥለው ከቀሩ የመሣሪያው ጠባይ አይታመንም።

3. ፈተናው

ቁልፉን አንድ ጊዜ ስንጫን የ1 መብራት በራ። ደስ ብሎን በሪፖርታችን «በትክክል ይሠራል» ብለን ጻፍን። በማግሥቱ አንድ የታች ክፍል ተማሪ መጥቶ አንድ ጊዜ ቢጫነው ከ0 ወደ 3 ዘለለ! ከመካከላችን አንዱ «በፈተናው ቀን እኛው በቀስታ እንጫነዋለን፤ ሪፖርቱ ይቅር» አለ። ሐሳቡ ለጊዜው ሁላችንንም አባብሎን እንደ ነበር አንደብቅም።

ስሕተቱ የቈጣሪው አልነበረም። የቁልፉ ብረት ሲገጣጠም ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይነጥራል፤ እጃችን አንድ ጊዜ ቢጫንም መሣሪያው ብዙ ምት ያያል። ስለዚህ ቁልፉን በ100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከፖዘቲቩ ጋራ አያይዘን፥ 0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ከቁልፉ ትይዩ አስገባን። የሁለቱ ብዜት 10 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው፤ ንጥረቱን ይሸፍናል። ነገር ግን ካፓሲተር ያለፈበት ምት ቀስ ብሎ የሚነሣ ስለሆነ ለ4013 አይስማማም። 40106 የተባለውን ሽሚት ትሪገር በመካከል ስናስገባ ምቱ ተስተካከለ።

ከዚያ በኋላ 16 መስመር ያለው ሠንጠረዥ አዘጋጅተን፥ አንድ በተጫንን ቁጥር የአራቱን መብራቶች ሁኔታ መዘገብን። 16 ጊዜ ተጭኖ ወደ 0 መመለሱን ብቻ ማየት አይበቃም፤ 16 ትርፍ ምት የቈጠረ መሣሪያም 0 ላይ ይገኛልና።

4. መደምደሚያ

የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ሠርዘን፥ ስሕተቱንም መድኃኒቱንም በሪፖርቱ አሰፈርን። ነገ በየትምህርት ቤቱ ፊት ስንቆም ቁልፉን የሚጫነው የእኛ ለስላሳ እጅ አይደለም፤ የተማሪው እጅ ነው። መምህር ሊሆን የሚሻ ሰው ሥራውን ገና ዛሬ ለሌላ ሰው ጣት ይስጥ።